በሳር አይዋሽም

ደርግ በወደቀበት ክረምት የእኛ ከተማ ሰው ሁሉ መጥረቢያውን ሳለ። አሮጌው መንግሥት ሄዷል፣ አዲሱ ገና አልተደላደለም፤ በመካከሉ ደን ጠባቂው ጠመንጃውን አስረክቦ እቤቱ ተቀምጧል። ከጉደር ወደ ሸነን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዘበኛ የሌለው ዛፍ አይቶ እጁን የሚሰበስብ ሰው ያን ሰሞን አላየሁባትም። አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በትከሻው ያግዘው ጀመር። እኔ ያኔ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን ግቢ የነበሩትን ጥዶች የጣላቸው ሌባ እንዳይመስላችሁ፤ ወላጆች ናቸው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ እኛን መምህራኑን ሰላም እያሉ።

የቀረው ከከተማው በላይ ያለው የምንጩ ኮረብታ ነበር። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው እዚያ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ከተማውን የምታጠጣው ምንጭም ከሥሩ ነው የምትወጣው። እሱንም ሊቆርጡ ሲወጡ ከፊታቸው የቆመው ወንድሜ ነው። ታላቄ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። ያን ቀን ከብት የሚነዳበትን ዱላ ይዞ መንገዱ ላይ ተቀመጠና የሚመጣውን ሁሉ በየስሙ እየጠራ፣ እናትህ ውሃ የምትቀዳው ከየት ነው እያለ ይጠይቅ ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በፍርሃት እንቀጠቀጣለሁ፤ እሱ ይቀልዳል። ሰዉም እያጉረመረመ ተመለሰ። ስለ ዛፍ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ግን በዚያ መንገድ ላይ፣ ከእሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የመጣው ነገር ለምን እንደዚያ እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ነው።

አዲሱ መንግሥት ሲደላደል ኮረብታው በቀበሌው እጅ ገባ፤ ቀበሌውም ለከብት ለቀቀው። ያኔ ነው ሴቶቹን መሰብሰብ የጀመርኩት። ውሃ የሚቀዳው ሴት ነው፤ ምንጯ ስትሳሳ ወገቡ የሚቆረጠውም የሴት ነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ተራ ገብተን እንጠብቀዋለን፤ የደረቀ ቅርንጫፍ የምንለቅመው ቅዳሜ ብቻ ይሆናል፤ የተራቆተውን ቦታ ደግሞ ከኮረብታው ዘር ለቅመን፣ ችግኝ አፍልተን እንሞላዋለን። የዝግባ ዘር እስኪበቅል ልብ ያወልቃል። ባሕር ዛፍ ተክላችሁ ቢሆን ይህን ጊዜ ቤት ይሠራ ነበር እያሉ ሳቁብን። የልጅ ልጅሽ ነው የሚያየው ሲሉኝ፣ ታዲያ የልጅ ልጅ እንዳላይ ትመኙልኛላችሁ ወይ እላቸዋለሁ። ባሌ ጤና ጣቢያ ጸሐፊ ነው። እንግዳ ሲመጣ "ይቺ ባለቤቴ ናት፣ ክረምት ሲገባ ግን የችግኙ ናት" ብሎ ያስተዋውቀኝ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ከደቡብ የመጣች ሙስሊም ነጋዴ ናት። ከባሏ ጋር ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። ኦሮምኛውን ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ነው የለመደችው፤ ዋጋ ላይ ሲደርስ እኛንም ታስከነዳለች። "እቴ" ትለኛለች፣ እኔም "እቴ" እላታለሁ። ለችግኙ የሱቋን ጓሮ የሰጠችን እሷ ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት መሰለኝ። በዓመታት ውስጥ ከብቱ ወጣ፣ ችግኙ ከአንገቴ አለፈ፣ ምንጯም በበጋ መንጠፏን ተወች። ከአምቦ ድረስ ሰዎች መጥተው አዩን። እኔም አምቦ ተጠርቼ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። በአማርኛ ጀምሬ ሲጨንቀኝ በኦሮምኛ ጨረስኩት። ጋሼ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ስወርድ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ከእናታችን ጀምሮ። ብርቱ ሽማግሌ ነበር፤ እግዚአብሔርን ከልቡ እንደሚወድ አልክድም። የድሮ ልማድ ሲባል ግን ደሙ ይፈላል። ዛፍ ቅቤ መቀባቱን፣ ወንዝ ዳር ሳር ይዞ መለመኑን፣ ሲንቄውን፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቶ ባዕድ አምልኮ ይለው ነበር። ሲንቄ የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ እሪ ብላ ትወጣለች፤ የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ ትከተላታለች። በዳዩ መጥቶ እስኪለምናቸው ድረስ አንዷም ወደ ቤቷ አትመለስም። ሲንቄ የያዙ ሴቶች የቆሙበትን ወንድ አያልፈውም። ጋሼ ይህን ከመድረክ ሲያወግዝ የእኛ ሴቶች አሜን ይላሉ፤ በትሯን ያቃጠለች ግን አላውቅም። ሁላችንም ጣሪያ ሥር ሸጉጠናታል።

ሚሊኒየሙ ሊከበር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ቅርንጫፍ ልንለቅም ስንወጣ ትልልቆቹ ጥዶችና ዝግባዎች ወገባቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብተው አገኘናቸው። ለቆረጣ የተመረጠ ዛፍ ነው እንዲያ የሚቀባው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ንቀውናል። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ለልማት ተፈቅዷል አለኝ፤ የማን ልማት እንደሆነ ስጠይቀው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ሰው ሲጨንቀው ወዴት ይሄዳል? ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ አጣራለሁ፣ አንቺ አትረበሺ አለኝ። ሻይ አጠጣኝ፤ እኔም አመስግኜው ወጣሁ። ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ጋሼ ሳያጣራ ቀናት አለፉ፤ የመጀመሪያው ዝግባ ግን ወደቀ። በማግስቱ ሴቶቹ ሱቁ ጓሮ ተሰበሰብን። አቤቱታ ይጻፍ ያሉ ነበሩ፤ ወረዳ እንሂድ ያሉም ነበሩ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ፣ ልጆቿን ሁሉ የዳረች አሮጊት፣ እናንተ ስትጽፉ ዛፉ ያልቃል፣ የእናቶቻችንን መንገድ እንሂድ አለች። እኔ አመነታሁ። የሽማግሌ እህት ሆኜ ሲንቄ ይዤ ብወጣ ጋሼ በማኅበረ ምእመናኑ ፊት እንደሚያፍር አስቤ ነበር። ስለ እሱ ክብር ተጨንቄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ደስ የሚል ሳቅ ግን አይደለም።

በማለዳው አሮጊቷ እሪታዋን ለቀቀች። ከየጣሪያው ሥር ጥቀርሻ የለበሰ በትር ወጣ፤ ከመዘምራኑ ሳይቀር ያልተጠበቁ ሴቶች መጡ። ነጋዴዋ ሲንቄ ስለሌላት ጨርቅ የምትለካበትን የሜትር እንጨት ይዛ ከተፍ አለች። አሮጊቶቹ ለብቻቸው ተማከሩና፣ ሴት የያዘችው ቀጥ ያለ እንጨት ከሆነ ይበቃል ብለው ፈረዱላት። ኮረብታው ላይ እስክንደርስ በዚያ ስንስቅ ነበር።

ብዙዎቹ የከተማ ልጆች ስለሆኑ ሲንቄን በወሬ እንጂ በሥራ አላዩትም። ሕጉን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። በዳዮቹ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መምጣት አለባቸው፤ ሳር ይዞ የለመነን ሰው እምቢ ማለት አይቻልም፤ ከዚያ ጊደር አርደው ያበሉናል፣ እንታረቃለን፣ ነገሩ ዳግም አይነሣም አልኳቸው። ነጋዴዋ አገጯን በሜትሯ ላይ አስደግፋ ስትሰማ ቆየች።

"ሳሩን ይዘው ቢዋሹስ፣ እቴ?" አለችኝ።

"በሳር አይዋሽም" አልኳት።

ቆም ብዬ እንኳ አላሰብኩበትም። እርጥብ ሳር ይዞ የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብሎ የነገረኝ የለም፤ በአገራችን በሬ የሰረቀውም፣ ነፍስ ያጠፋውም ሳር ሲይዝ እውነቱን ያወጣል። አሮጊቶቹም ልክ ነች አሉ። በዚህ ተማምነን ተቀመጥን።

ታች ከተማው ውስጥ ወንዶቹ ጉድ ፈላባቸው። ላም የሚያልብ፣ እሳት የሚያነድ ጠፋ። ባሌ ሽሮ አሳርሮ ሽታው ጤና ጣቢያ ድረስ ደረሰ ብለው ሲነግሩን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ለመቁረጥ የተቀጠሩት ጎረምሶች መጋዛቸውን ተሸክመው አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። ሲያዩን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተመለሱ። ማንም ቢቀጥራቸው፣ እኛ እዚያ ሳለን እንደማይነኩት ገባን። ይህ የቀጠራቸውንም ሰው እንደገባው ነው ያኔ ያላወቅሁት።

ብርዱ ሕፃናት የያዙትን ማስጨነቅ ሲጀምር ሽማግሌዎቹ መጡ። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ እርጥቡን ሳር በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል። የሚመራቸው ጋሼ ነበር። ሳሩን በእጁ ሳይ እንባዬ መጣ። ከመድረክ ያን ሁሉ ያወገዘ ሰው ለእኛ ሲል፣ ለእኔ ሲል ኩራቱን ጣለ ብዬ ነው። ለሌሎች በደል ሊያማልድ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ፊታችን ተንበረከከ።

"ዲፋማ፣ ይቅር በሉን" አለ በሁለቱም ቋንቋ። "ቀለሙን የቀባው እጅ ዛፋችሁን አይነካም።"

የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሳር የያዘን ሰው አይመረምሩትም። አሮጊቷ ሳሩን ተቀበለችው፣ መረቀችው፣ እኛም እልል አልን። እርቁ በማግስቱ እንዲሆን ተስማምተን እየዘፈንን ወረድን።

ጊደሯ የታረደችው ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ማዶ፣ በጋሼ ግቢ ነው። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው፤ ለእህቶቼ ሲያንስ ነው አለ። ብርዙን ሚስቱ በጠበጠችው። ከጠዋት ጀምሮ የዘፈንነው ዘፈን፣ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ አልነበረንም። ነጋዴዋ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አትበላም። ለወጉ ብርዝ ቀምሳ፣ ሱቄን ልክፈት ብላ ቀድማን ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ በዘፋኞቹ መሐል አልፋ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"እቴ፣ እዚያ ላይ እየቆረጡ ነው" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እንዴት ኮረብታው ላይ እንደደረስኩ አላስታውስም። አይሱዙ ምንጯ አጠገብ ቆሟል። ግማሹ ግንድ ተጭኗል፣ ግማሹ እየተላጠ ነው፤ ዛፎቹ ሲወድቁ እኛ የተከልነውን ችግኝ ይዘውት ወድቀዋል። ቆራጮቹ እነዚያው ባርኔጣቸውን አውልቀውልን የነበሩት ናቸው፤ አብዛኞቹን አስተምሬያቸዋለሁ። ሲያዩኝ መጋዙን አጥፍተው ሰላም አሉኝ። ምን እየሠራችሁ ነው ስላቸው ግራ ተጋብተው ተያዩ።

"ታርቃችኋል ተባልን እኮ፣ ቲቸር" አለኝ አንዱ። "ሴቶቹ ሳሩን ተቀብለው ፈቅደዋል ብለው ጠዋት የላኩን ኦቦ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ነው አይደል?"

ኦቦ ያለው ወንድሜን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አዳራሽ ጀምራ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ይጠብቅ ነበር። የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ነው። ይህን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ አውቀው ነበር፤ ከቀዩ ቀለም ጋር ግን አንድ ቀን አላገናኘሁትም። ባሕር ዛፍን ምስጥ ይበላዋል፣ ጥድን አይደፍርም፤ ዝግባ ደግሞ ጥሩ ሳንቃ ይወጣዋል። ፈቃዱን ከቀበሌ ያወጣው እሱ፣ ቀለሙን ያስቀባው እሱ፣ ጭንቀቴን ስነግረው ሻይ ያጠጣኝም እሱ ነው። ጎረምሶቹ ሲንቄ አልፈው እንደማይቆርጡለት ሲያውቅ የቀረው መንገድ ሲንቄዋን በራሷ ሕግ ማስወረድ ነበር። ወረድንለት።

ግቢው በር ላይ አገኘሁት። አልጮህኩም ብል ውሸቴን ነው፤ ማዶ ድረስ ተሰምቻለሁ። እሱ ረጋ ብሎ፣ ለእግዚአብሔር ቤት እንደሆነ፣ ዛፍ መልሶ እንደሚበቅል፣ የጥንቱም ቤተ መቅደስ በዝግባ እንደተሠራ ነገረኝ። መጽሐፉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዝግባውን ያመጡት ግን ባለቤቱን አታለው አይደለም፣ ተስማምተው ነው አልኩት። ከዚያ፣ ሳር ይዘህ ነው እኮ ቃል የገባኸው አልኩት።

"ሳር ሳር ነው" አለኝ። "አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፣ ክርስቲያን ነሽ። እንዴት በሳር ታምኛለሽ?"

ሰው ይዋሻል፣ ወንድምም ይዋሻል። ይህ ግን ከውሸት የባሰ ሆነብኝ። እሱ የማያምንበትን ነገር አንሥቶ ፊታችን የተንበረከከው እኛ እንደምናምንበት ስላወቀ ነው። እኔ በእንባ ሳየው እሱ በልቡ ይታዘበኝ ነበር ማለት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያሳደገኝ ሰው እያሳሳቀ እንደሚወስደኝ አላሰብኩም። ካደኝ። ለዚህ ነገር ሌላ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም።

እንደገና እንውጣ ብዬ ሴቶቹን ለመንኩ። አሮጊቶቹ ሳር ተቀብለው የዘጉትን ነገር እንደማይከፍቱ ነገሩኝ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ እኔው አስተምሬዋለሁ። ከወጣቶቹ ገሚሱ አዳራሹ ሊያልቅ በመሆኑ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዝናብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር መዘመር ሰልችቷቸዋል። ፊት ለፊት አይነግሩኝም፤ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ሽንኩርት መምረጥ ያበዛሉ። "በሳር አይዋሽም" ያልኩትም መተረቻ ሆነ። አበድርሃለሁ፣ እመጣለሁ የሚል ሰው ሲገኝ፣ ሳር ይዘህ ነው ይሉታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ በከተማችን ሳር ይዞ የለመነ በዳይም፣ ሳር የተቀበለ ተበዳይም አላየሁም። ነጋዴዋ ብቻ ብዬሽ አልነበረም ወይ ብላኝ አታውቅም። ክረምት ሲገባ ጓሮዋን ትከፍትልኛለች፤ ሁለታችንና ሦስት አራት ሴቶች ሆነን የተራቆተውን ዳገት መትከል ቀጠልን። ምንጯ በበጋ ትሳሳለች፤ ሰዉም ሰልፍ ላይ ሲጣላ ይውላል።

አዳራሹ ተመረቀ። አያምርም ብል ይቀለኝ ነበር፤ ያምራል፣ ጥድ ጥድ ይሸታል። ሌላ ቦታ ሄጄ እንዳላመልክ ልጆቼ የተጠመቁት፣ እናቴ የተሸኘችው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለምን እኔ እወጣለሁ? እየሄድኩ እቀመጣለሁ። የጌታ እራት ሲቀርብ ግን አልወስድም። መጋቢው በወንድሙ ላይ ቂም ያለው አስቀድሞ ይታረቅ ይላል፤ እኔ ቂም አለኝ፣ ስለዚህ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ።

ነገሩ ሲቆይ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቤቴ ድረስ መጡ። ይቅርታ ያልጠየቀኝን ሰው ምን ብዬ ይቅር ልበል አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከልቡ ተገርሞ አየኝ።

"ጠይቆሽ የለም እንዴ?" አለኝ። "ኮረብታው ላይ፣ ሳር ይዞ። አገር ያየው ነው፣ አንቺም እልል ብለሻል።"

ባሌ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሳይቀልድ ተነሥቶ በሩን ከፈተላቸው።

ጽዋውን በትሪ ይዞ በየአግዳሚው የሚያድለው ጋሼ ነው። የእኔ ዘንድ ሲደርስ ትሪውን ከፊቴ አሳልፎ ለጎረቤቴ ይሰጣል፤ ለዓመታት እንዲህ ኖርን። ፀጉሩ ነጣ፣ አረማመዱ ከበደ። አንድ እሑድ ግን ቆመ። ትሪውን ወደ እኔ ዘረጋ።

"ውሰጂ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ያ እጅ ነው ይዞኝ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ። መውሰድ ፈለግሁ፤ አምላኬ ያውቃል፣ በጣም ፈለግሁ።

"ጋሼ፣ ያኔ የያዝከው ሳር ብቻ እንደሆነ ራስህ ነግረኸኛል" አልኩት። "ስለዚህ እስካሁን አልጠየቅከኝም። አሁን ይቅር በይኝ በለኝ፣ እወስዳለሁ።"

መዝሙሩ ቀጥሏል። ከንፈሩ ሲላወስ አየሁና ሊለው ነው ብዬ እጄን አነሣሁ። እሱ ግራና ቀኙን ቃኘ።

"ሰው ያየናል" አለኝና ትሪውን ይዞ ወደሚቀጥለው አግዳሚ አለፈ።